አገራችንን እንወቅ፦ ደጋው፣ ወንዞቹና የዱር አራዊቱ

(በአንድ የደጋ ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ፣ ማንበብና መጻፍ ለቻሉ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ቀን በእርሻና በከብት ጥበቃ ደክማችሁ፣ ማታ ደብተራችሁን ይዛችሁ ስለ መጣችሁ እናመሰግናችኋለን። እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ዘማቾች ፊደል ልናስተምራችሁ ተላክን እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእናንተ የምንማረው ከምናስተምራችሁ አያንስም። ደመና አይቶ ዝናብን መለየት፣ አፈር ዘግኖ ዘርን መምረጥ እናንተ ታውቁበታላችሁ። እኛ ገና ነን።

የዛሬው ንግግራችን መልስ ነው። የምን መልስ? ባለፈው ሳምንት ስለ ዱር አራዊት አንድ አጭር ምንባብ አብረን አንብበን ነበር። ምንባቡ «የዱር አራዊት የአገር ሀብት ናቸው» ይላል። ያን ጊዜ አንዲት እናት ከኋላ ተነሡና እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ ሀብትስ ገብሴ ነበር። እሱን ጭላዳ በላብኝ። የቀረውን እንዲጠብቅልኝ ብዬ ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀረሁት። ታዲያ ይኼ የማን ሀብት ነው?»

እኛ ዝም አልን። አንድ አባት ደግሞ ቀጠሉና፣ «ከምንጩ በላይ ያለውን ሣር ብናርሰው ጭላዳውም ይሄድልናል፣ መሬትም እናገኛለን። ቀበሌው ሊመክርበት ነው። እናንተ ተማሪዎቹ ምን ትላላችሁ?» አሉ። ያን ማታ መልስ አልነበረንም። ወደ ማደሪያችን ገብተን መጻሕፍታችንን ገለጥን፤ እርስ በርሳችንም እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን።

ጥያቄው ስለ አንድ ተረተር ይመስላል። ነገር ግን የአገራችንን አቀማመጥ ሳናውቅ ልንመልሰው አንችልም። ስለዚህ እስቲ ከሩቅ እንጀምር።

አገራችን ምን ትመስላለች?

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀንድ የምትገኝ አገር ናት። ስፋቷ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ደቡብ ሱዳንና ሱዳን ያዋስኗታል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። በአፍሪካ ባሕር የሌላቸው አገሮች 16 ናቸው። በዓለም ላይ ካሉት ባሕር አልባ አገሮች ሁሉ ደግሞ በሕዝብ ብዛት የመጀመሪያዋ የእኛዋ ናት።

ባሕር የለንም ማለት ግን ውኃ የለንም ማለት አይደለም። እንዲያውም ለጎረቤቶቻችን ውኃ የምንልክ እኛ ነን። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የተቀመጥንበትን ጎጆ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ዝናብ ጣራው ላይ ሲወርድ ወደ ዙሪያው ሁሉ ይፈስሳል እንጂ አናቱ ላይ አይቆምም። የኢትዮጵያ ደጋም እንደ ጎጆ ጣራ ነው። በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው መሬት አብዛኛው የሚገኘው በእኛ አገር ነው።

ይህ ጣራ ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ መካከሉ ለሁለት ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ስምጥ ሸለቆ ይባላል። ከአፋር ቆላ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዘልቃል። በውስጡም ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያና ጫሞ የሚባሉ ሐይቆች ተደርድረዋል።

ከፍታችንና ዝቅታችን እጅግ የተራራቀ ነው። በሰሜን ተራሮች የሚገኘው ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በአፋር ያለው የዳሎል ምድር ደግሞ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ከባሕር ወለል በታች ማለት፣ ባሕሩ እስከዚያ ድረስ መንገድ ቢያገኝ ኖሮ ምድሩ በውኃ ይሸፈን ነበር ማለት ነው። አባቶች የምታውቁት አሞሌ ጨው የሚፈለጠው ከዚያ አካባቢ ነው። እንግዲህ በአንድ አገር ውስጥ ውርጭ የሚያረግፍበትም፣ ጨው የሚፈላበትም አለ።

አንዲት የዝናብ ጠብታ ወዴት ትሄዳለች?

አሁን አንዲት የዝናብ ጠብታ እንከተል። በመንዝ፣ በደጋው አፋፍ ላይ ወረደች እንበል። ጥቂት ወደ ምዕራብ ካዘነበለች ወደ ጀማ ወንዝ ትገባለች፤ ጀማም ወደ ዓባይ ይወስዳታል። ከዚያ ሱዳንንና ግብጽን አቋርጣ ሜዲትራኒያን ባሕር ትደርሳለች። ጥቂት ወደ ምሥራቅ ካዘነበለች ግን ወደ አዋሽ ትወርዳለች። አዋሽ ባሕር አይደርስም። በአፋር በረሃ ሲጓዝ ኖሮ፣ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ አቤ በሚባል ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ሁለት እኅትማማች ጠብታዎች፣ በአንድ ስንዝር ልዩነት፣ አንዷ ባሕር ታያለች፤ ሌላዋ በበረሃ ትቀራለች።

ኦሞም እንዲሁ ባሕር አያይም፤ ቱርካና በሚባለው ሐይቅ ያበቃል። ከባሌና ከአርሲ ደጋ የሚነሣው ዋቢ ሸበሌ ሶማሊያ ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በረግረግና በአሸዋ ውስጥ ይጠፋል። የገናሌና የዳዋ ውኃ ግን ጁባ በሚባለው ወንዝ በኩል ሕንድ ውቅያኖስ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ዓባይ ነው። ከሰከላ ከግሼ ዓባይ ምንጭ ተነሥቶ፣ በጣና ሐይቅ በኩል አልፎ ይወርዳል። ግብጽ ከሚደርሰው የናይል ውኃ ከመቶው 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ ነው፤ ዓባይ፣ ተከዜና ባሮ ያደርሱታል። በጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን ዓባይ ውኃ ብቻ አይደለም የሚወስደው። በክረምት መልኩ ለምን ቡናማ ይሆናል? የእናንተ ማሳ አፈር ስለ ሆነ ነው። ባለፈው ዓመት ያዳበራችሁት፣ አባቶቻችሁም ያለሙት አፈር በጎርፍ ይሄዳል። እርሻውን ያሳሳል፤ ግድቡንም ይደለድላል።

በደጋው የሚኖሩ አራዊት

አገራችን ከፍታና ዝቅታዋ የተራራቀ በመሆኑ አራዊቷም ልዩ ልዩ ናቸው። ደጋው በዙሪያው ባለው ቆላ ተከቦ እንደ ደሴት ለብዙ ሺህ ዘመናት ቆይቷል። ስለዚህ በሌላ አገር የማይገኙ አራዊት ይኖሩበታል። ጥቂቶቹን እንጥቀስ።

ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። ፍየል በማትደፍረው ገደል ላይ ይሄዳል። የደጋ አጋዘን በባሌና በአካባቢው ተራሮች ይኖራል። ቆርኬ የሚባለው የሜዳ እንስሳ በስንቅሌ ተጠብቆ ይገኛል። በገደሉ ላይ የሚያንዣብበውን ጢማም ጥንብ አንሳም ታውቁታላችሁ፤ አጥንት ወደ ሰማይ ይዞ ይወጣና፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ሰብሮ፣ መቅኑን ይበላል።

በቆላም አሉ። በጋምቤላ ነጭ ጆሮ ያላቸው የአጋዘን ዘሮች በብዙ ሺህ እየሆኑ ሣርና ውኃ ተከትለው ወደ ደቡብ ሱዳን ይሄዳሉ፤ ተመልሰውም ይመጣሉ። በሐረር አቅራቢያ በባቢሌ ዝሆን አለ። በአፋር ደግሞ የዱር አህያ ይገኛል። ዛሬ እህላችንን ወደ ገበያ የምትጭነው አህያችን የተገኘችው ከዱር አህያ ዘር ነው። የዱሩ አህያ ዛሬ የቀረው በጣም ጥቂት ነው። የጭነት እንስሳችን አባት እያለቀ ነው ማለት ነው።

ቀይ ቀበሮ ሌላው ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶቹ ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ያሉት በእኛ ደጋ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይገኛሉ። «ግልገል ይበላል» ትሉናላችሁ። አልፎ አልፎ ይወስድ ይሆናል። የዘወትር ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። ገብስን በነዶም በጎተራም የሚጨርሰው ማን እንደ ሆነ እኛ ለእናንተ አንነግርም።

አሁን ወደ ጭላዳ እንምጣ። ጭላዳ ከሌሎች ዝንጀሮዎች የሚለይበት ነገር አለ። ዋና ምግቡ ሣር ነው። ቁጭ ብሎ፣ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ይውላል። በበጋ ሥር ይቆፍራል። ሲመሽ ነብርና ጅብ እንዳይደርሱበት ገደል ወርዶ ያድራል። በመንዝ በጓሳ ተመራማሪዎች አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተመልክተዋል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ያህል ይሳካለታል። በጭላዳ መካከል ሲሆን ግን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ያህል ይሳካለታል።

ታዲያ ሣር የሚበላ እንስሳ ገብስ ውስጥ ምን ያደርጋል? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ሣሩ እየታረሰ ሲጠብ፣ እርሻው ገደሉ አፋፍ ድረስ ሲደርስ፣ ጭላዳው ከገደል ሲወጣ የሚያገኘው ሣር ሳይሆን ገብስ ይሆናል። ገብስም ቢሆን በእርሱ ዓይን ሣር ነው። ይህን የምንለው ጭላዳውን ለማስመስገን አይደለም። የበላው ገብስ የአንዲት እናት የዓመት ስንቅ ነው። ነገር ግን የቀረውን ሣር ብናርስበት ይሄድልናል ብለን አንመን፤ ወዴት ይሄዳል? ወደ ማሳው ይመጣል እንጂ።

ሁለቱ ገበቴዎች

ምንጩን በተመለከተ ባለፈው እሑድ ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ነገር ሞከርን። ከጣቢያው በላይ፣ ቁልቁለቱ እኩል የሆነ ሁለት ቦታ መረጥን። አንዱን ሣሩን እንዳለ ተውነው። ሌላውን በዶማ ቆፈርነው። በሁለቱም ላይ ከአናት አንዳንድ እንስራ ውኃ አፈሰስን፤ ከግርጌም ገበቴ ደገንን።

ከተቆፈረው ቦታ ውኃው እየሮጠ መጣ። ገበቴው ሞላ፤ መልኩም እንደ ጭቃ ነበር። ከሣሩ ቦታ የመጣው ውኃ ግን ዘገየ፤ ጥቂትም ነበር፤ የጠራም ነበር። የቀረው ወዴት ሄደ? ሣሩ ይዞ ወደ መሬት አስገባው። ሁለቱ ገበቴዎች እነሆ ፊታችሁ አሉ። በአንደኛው ሥር የተኛውን አፈር በጣታችሁ ንኩት።

ምንጭ ማለት ይኸው ነው። ክረምት ወደ መሬት የገባው ውኃ በጋ ቀስ እያለ ሲወጣ ምንጭ ይባላል። ተረተሩ ከታረሰ ውኃው በሐምሌ በጎርፍ ያልቃል፤ በመጋቢት ምን ይወጣል? የመጀመሪያውና የሁለተኛው ዓመት አዝመራ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ያልታረሰ መሬት ነውና። ከዚያ በኋላ ግን አፈሩም ምንጩም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ሌሎች ምን አደረጉ?

የመንዝ ሰዎች ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር ከ400 ዓመት በላይ ሲጠብቁ ኖረዋል። የመረጡት አለቃ አባ ቄራ ይባል ነበር። ምድሩ ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ማንም አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል። ያን ጊዜ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለግጦሽ ይሆናል። ሥርዓቱ ጉድለት ነበረበት፤ መብቱ የባለ ርስቱ ዘር ብቻ ስለ ነበረ ሌላው አይደርሰውም ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ አሠራር ቀረ። ሰዎቹ ግን ጓሳን አልተዉትም። ኋላ በሌላ መልክ አደራጁት፤ በክልሉ ሕግም ታውቆ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ዛሬም ሣሩ፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው በዚያ ይገኛሉ።

የሰሜን ተራሮች ነገር ግን ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ቦታው በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እርሻውና ግጦሹ እየገፋ፣ ዋልያውም እያነሰ ስለ ሄደ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ጋር ተቆጠረ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ ተዛውሯል። ዋጋውን የከፈለው ገበሬ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የዋልያው ቁጥር እንደ ገና እጅግ ቀንሷል። ከዚህ የምንማረው፣ ሕዝቡ በጊዜ መክሮ ያልጠበቀው ነገር ኋላ በውድ ዋጋ እንደሚጠበቅ ነው፤ ያም ሆኖ ላይጸና ይችላል።

እንግዲህ ምን እንላለን?

እናታችን ለጠየቁን ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ጭላዳው የአገር ሀብት ነው። የአገር ሀብት ከሆነ ግን ወጪውን አንዲት እናትና አንድ ልጅ ብቻ ሊሸከሙት አይገባም። የበላውን ገብስ ልንተካልዎ አቅም የለንም። ይህን መደበቅ አንችልም። ነገር ግን በእናንተ እጅ ያለ ሦስት ነገር ታየን።

አንደኛ፣ ጥበቃውን በተራ ማድረግ ነው። ጭላዳ የሚከፋው እህሉ በሚያሸትበት ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን ከየቤቱ አንድ አንድ ጎልማሳ በተራ ገደሉ አፋፍ ላይ ቢውል፣ አንድም ልጅ ከትምህርት ቤት መቅረት የለበትም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለ?

ሁለተኛ፣ ከምንጩ በላይ ያለውን ሣር አለማረስ፣ እያጨዱ መጠቀም ነው። እንደ መንዞች ቀን ቆርጦ መዝጋትና ቀን ቆርጦ መክፈት ይቻላል። መሬት የሌላቸው ወጣቶችም ከሣሩ የመጀመሪያውን ድርሻ ያግኙ። ይህ ካልሆነ «ሣሩን ጠብቁ» ማለት ለእነርሱ ባዶ ቃል ይሆናል።

ሦስተኛው ስለ ውሾቻችሁ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. መካከል በባሌ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል በዚህ በሽታ አልቀዋል። በሽታው ቀበሮ ብቻ አይደለም የሚገድል፤ ከብትንም ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ ክትባት ሲመጣ ውሾቻችሁን አስከትቡ። ውሻ የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል እጠቡት፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ድርጅት ውሰዱት። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውምና።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውሳኔው የቀበሌው ነው፤ የእናንተ ነው። እኛ ዘመቻችን ሲያልቅ ወደ ትምህርታችን እንመለሳለን። ምንጩ ግን ከእናንተ ጋር ይቀራል። በምክሩ ቀን ሁለቱን ገበቴዎች ይዛችሁ ሂዱ። ይህንንም ጽሑፍ፣ አሁን ማንበብ ስለምትችሉ፣ ራሳችሁ አንብባችሁ ለጎረቤት አንብቡለት። የተሳሳትነው ካለ ንገሩን፤ እናርማለን።

እኛ ዘማቾችም የመጀመሪያውን የጥበቃ ተራ ሰኞ ጠዋት እንወስዳለን። የእናታችን ልጅ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ይግባ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ የሚነሣው ወንዝ ወዴት ይፈስሳል? እስከ መጨረሻው ተከትላችሁ ተናገሩ።
2. ከሁለቱ ገበቴዎች በአንደኛው ውስጥ አፈር የተገኘው ለምንድን ነው?
3. የዱር አራዊት እህል ሲያጠፉ ጉዳቱን ማን መሸከም አለበት ትላላችሁ? ምክንያታችሁን በደብተራችሁ ጻፉ።